ታዲያ መቼ ትገጥሟቸዋላችሁ?

ቡድናችን ለሁለት ተከፈለ። ስቶክሆልም ዳር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰባሰብ የሐበሻ እግር ኳስ ቡድን ነበርን። ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ስም፣ ባንዲራ፣ ሒሳብ፣ አገር ቤት የሚሆነው ነገር። አንድ ማታ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ከባድ ቃላት ተወራወርን። ግማሹ ሰው ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የራሳቸውን ቡድን እንዳቋቋሙ ሰማን።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በማግስቱ በእረፍት ክፍላችን ቡና ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንድ አዛውንት ባልደረባ አሉኝ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን ሰው ሲጎድል እየተጠሩ ይነዳሉ። ፊቴን አይተው ምን ሆንክ አሉኝ። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተለያየን አልኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ስኳራቸውን አማሰሉ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ታዲያ መቼ ትገጥሟቸዋላችሁ?»

ያልገባቸው መሰለኝ። «ተለያይተናል እኮ ነው የምልዎት። ሰላምታም የለም» አልኳቸው።

«እሱማ ገባኝ። መቼ ነው የምትገጥሟቸው ነው ያልኩህ።»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ማታ አልጋዬ ላይ፣ ጠዋት መሪ ይዤ፣ ከባለቤቴ ጋር እራት እየበላን ያንን ጥያቄ አመነዥገው ነበር። እኛ ስንለያይ ሁሉም ነገር አለቀ ብለን ነበር። እኚህ ሰው ግን ገና አሁን የሚጀምር ነገር እንዳለ ነው የጠየቁኝ። ከየት እንዳመጡት ለማወቅ ከእሳቸው ጋር ብዙ ቡና መጠጣት ነበረብኝ።

የባቡሩ ከተማ

ሰውዬው የተወለዱት ሶርያ ውስጥ፣ ቃሚሽሊ በምትባል ከተማ ነው። መጀመሪያ ስማቸው የአረብ ስም መስሎኝ ነበር። በኋላ ማተባቸውን አየሁ። የሶርያ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከእኛ ከተዋሕዶዎቹ ጋር እህት አብያተ ክርስቲያናት ነን። «ቃሚሽሊን ላታውቃት ትችላለህ። ከቱርክ ድንበር ማዶ ያለችውን ግን ታውቃታለህ፤ ንጽቢን ናት» አሉኝ። ንጽቢን የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ አገር ናት። ውዳሴ ማርያምን የደረሰው እሱ ነው ብለው እናቴ ያስተማሩኝ ያ ኤፍሬም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘመድ ሆንን።

ቃሚሽሊ የድሮ ከተማ አይደለችም። በ1926 በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን በባቡር ሐዲዱ አጠገብ የተቆረቆረች ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በ1915ና ከዚያ በኋላ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት ያመለጡ ክርስቲያኖች፣ ቱርክ ውስጥ ካሉት የቱር አብዲን ተራሮች የወረዱ፣ አርመኖች፣ ኩርዶች፣ አረቦች፣ አይሁዶች ተሰባስበው የሠሯት። ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው የት እንደሚገባ የሚነግረው ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱና የኳስ ቡድኑ ነው።

እሳቸው የልጅነት ጨዋታቸውን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። ሜዳው አፈር ነው። በበጋ አቧራው በረኛውን ይሸፍነዋል። ማሊያ የሚባል ነገር የለም፤ ነጭ ካናቴራ የለበሰ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል። ኩርዱ፣ አርመኑ፣ ሶርያዊው በየሰፈሩ ቡድን አለው። ይሰዳደባሉ፤ ይገጥማሉ፤ ማታ እዚያው ሻይ ቤት ይገናኛሉ።

አንድ ነገር ግን ደጋግመው ይነግሩኛል። እዚያ ክለብ የአባላቱ ንብረት ሆኖ ብዙ አልቆየም። በ1963 ባዝ ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስፖርቱ በሙሉ በአንድ የመንግሥት ፌዴሬሽን ሥር ገባ። ትልልቆቹ ክለቦች እንኳ ስማቸው ተለወጠ። የሆምሱ ኻሊድ ኢብን አል ወሊድ «አል ካራማ» ተባለ። የሀለቡ (የአሌፖው) አል አህሊ «አል ኢትሐድ» ሆነ፤ ኅብረት ማለት ነው። አመራሩን የሚያጸድቀው መንግሥት ነበር። መሰብሰብም ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሰው ስለ ስም መጣላት እንኳ አይችልም ነበር፤ ስሙን የሚያወጣለት ሌላ ነበር።

ይህንን ሲነግሩኝ አዳራሹ ውስጥ ስለ ስም ያደረግነውን ጭቅጭቅ አሰብኩ። ለእኔ ውርደት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያንን መብት ፍለጋ አገር ለቀው የመጡ ሰው ናቸው።

ከመጨረሻው እርከን

የሽማግሌው ወገኖች ወደ ስዊድን መምጣት የጀመሩት በ1967 ነው። 200 ያህል አገር አልባ ሰዎች ከሊባኖስ በአውሮፕላን መጡ። ከዚያ ዘመድ ዘመድን እየሳበ፣ ከቱርክም ከሶርያም እየጎረፉ፣ ብዙዎቹ ሶደርቴልዬ ላይ ሰፈሩ። ከስቶክሆልም ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። የስካኒያ የጭነት መኪና የሚሠራው እዚያ ነው። የቴኒሱ ቢዮርን ቦርግ ያደገባት ከተማም ናት። የእኔ ሽማግሌም መጀመሪያ ፋብሪካ ገቡ፤ አውቶቡሱ በኋላ መጣ።

በ1974 እነዚሁ ስደተኞች በአሦራውያን ስም ያቋቋሙት ማኅበር የእግር ኳስ ክፍል ከፈተ። አሲሪስካ ይባላል። ልብ ያልኩት ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ነው። ሽማግሌው ሲያስረዱኝ ሁለት ጣታቸውን አወጡ። «ሁለት መንገድ ነበረን» አሉኝ። «አንዱ በበዓል በበዓል እርስ በርሳችን መጫወት። ዶልማ በልቶ፣ ጨፍሮ ወደ ቤት መግባት። ሁለተኛው መመዝገብ።»

ተመዘገቡ። የስዊድን እግር ኳስ መሰላል ረጅም ነው። ከላይ አልስቬንስካን የሚባለው ዋናው ሊግ አለ። ከታች ደግሞ ብዙ ዲቪዥኖች ተደርድረዋል። ታችኛው ላይ ፖስተኛው፣ ናፍጣ ቀጂው፣ አስተማሪው ከሥራ መልስ ይጫወታል። ማንም ሰው ማኅበር ማቋቋም ይችላል። መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ሒሳብ ይመረመራል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳ በሰዓት ይመድባል፤ ፌዴሬሽኑ ዲቪዥን ይመድባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በበዓል ውድድር ማን እንደሚጋበዝ የምንወስነው እኛ ነን። የተጣላንን አንጠራም። የጠራነውም ቅር ካለው አይመጣም። ሊግ ውስጥ ግን ማንም አይጠይቅህም። ፕሮግራም ታትሞ ይመጣል። እሁድ ስምንት ሰዓት፣ ይሄ ሜዳ፣ ይሄ ተጋጣሚ። ብትወደውም ብትጠላውም ትሄዳለህ። ካልሄድክ በፎርፌ ትሸነፋለህ። የፌዴሬሽኑ ሰውዬ ቢሮው ተቀምጦ ፕሮግራም ሲያወጣ የማን አጎት ከማን አጎት ጋር እንደተጣላ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በብርዱ፣ በጠጠር ሜዳ ላይ፣ ቋንቋውን ሳያውቁ ዳኛ ፊት ቆመው። ከተጋጣሚ ደጋፊ የሚሰማው ስድብ የአንዳንዱን ጆሮ ዛሬም ያቃጥለዋል። ከአንድ ተጫዋች መኪና ኋላ ማሊያና ታኬታ ተጭኖ ወደ ገጠር ሜዳ ይጓዛሉ። ሴቶቹ ምግብ ቋጥረው ይልካሉ። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሰው ሳይተኛ ይሰለፋል። ደመወዝ የለም። ይልቅ መዋጮ አለ።

1977

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፣ ሶደርቴልዬ ውስጥ ብሪስቶል የሚባል ምግብ ቤት ነበር፤ ስደተኞቹ ይሰበሰቡበታል። የስዊድን ወጣቶች በቡድን መጥተው ጥቃት አደረሱባቸው። ጠቡ ከተማውን አናወጠ። ከእልቂት ያመለጡ ሰዎች ልጆች በሰላም አገር ላይ እንደገና በመንጋ ሲከበቡ አስቡት።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሕዝብ ይሰባሰባል፣ አንድ ይሆናል ብለን እናስባለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ነው ያደግነው። እነሱ ግን በዚያው በ1977 ለሁለት ተከፈሉ። ሁለተኛ ክለብ ተመሠረተ፤ ዛሬ ሲሪያንስካ የሚባለው። ጠቡ ስለ ማንነት ነው። አንዱ ወገን እኛ የጥንቶቹ አሦራውያን ዘር ነን ይላል። ሌላው እኛ ሶርያውያን ነን፣ የሚያስተሳስረን ቤተ ክርስቲያናችን ናት ይላል። ሶርያ የሚለውን ግን የዛሬዋ አገር ዜግነት አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ከቱርክ የመጡትም በዚሁ ነው የሚጠሩት። ቋንቋቸው አንድ፣ ቅዳሴያቸው አንድ፣ የአያቶቻቸው መንደር አንድ ነው።

ሽማግሌው ይህን ዘመን ሲያነሱ ድምፃቸው ይከብዳል። ወንድም የወንድሙ ሠርግ ላይ ያልተገኘበት ቤት ያውቃሉ። ልቅሶ ላይ ጀርባ የተሰጣጡ ሰዎች ያውቃሉ። እሳቸው ራሳቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም። «እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው።

«ሜዳ ላይ ግን አየው ነበር» አሉኝ።

አልገባኝም። አስረዱኝ። ወንድምየው በሌላኛው ክለብ የልጆች ቡድን ያሠለጥን ነበር። እሳቸው ደግሞ በዚህኛው ያግዛሉ። አንድ ወረዳ ውስጥ ስላሉ የልጆቹ ቡድኖች በየጊዜው ይደርሳቸዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች በሜዳው ዳር ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አይነጋገሩም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ደንብ ነው፤ አሠልጣኝ ከአሠልጣኝ ይጨባበጣል። «እጁን እጨብጠው ነበር። ለምን? ዳኛው እያየ ነዋ!» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «እናታችን ስትሞት መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው። ድምፁን አልረሳሁትም ነበር፤ በየሜዳው ሲጮህ እሰማዋለሁ» አሉ።

እኔን የቀየረኝ ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መለያየትን የማውቀው በአንድ መልኩ ብቻ ነበር። ሰው ይወጣል፣ በር ይዘጋል፣ ስልክ ቁጥር ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች ከእኛ በላይ ተጣልተዋል። በአንድ ሜዳ ላይ መገኘትን ግን አላቋረጡም። አላቋረጡም ሳይሆን፣ ሊያቋርጡ አልቻሉም። ፕሮግራሙ አልፈቀደላቸውም።

እልሁም ሥራ ሠራ። አንዱ አሠልጣኝ ሲቀጥር ሌላውም ይቀጥራል። አንዱ የልጆች ቡድን ሲከፍት ሌላው የሴቶች ይከፍታል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ከአሲሪስካ የልጆች ቡድን የወጣው ኬኔዲ ባኪርቺዮግሉ ሐማርቢን አልፎ እስከ አያክስ ደረሰ። በ2003 አሲሪስካ የስዊድን ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ቀርቦ በኤልፍስቦርግ ተሸነፈ። ሲሪያንስካ ደግሞ በ2010 ሁለተኛውን እርከን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ከ2011 እስከ 2013 በዋናው ሊግ ተጫወተ። አንድ መካከለኛ ከተማ፣ አንድ ስደተኛ ሕዝብ፣ ሁለት የዋና ሊግ ክለብ። የሚጫወቱበት ስታዲየምም አንድ ነው፤ በ2005 የተከፈተው የሶደርቴልዬ ሜዳ። ጊዮርጊስና ቡና በአዲስ አበባ ስታዲየም ሲገናኙ ያየ ሰው በ2009ና በ2010 እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ይገባዋል። ያኔ ገና አዲስ ሹፌር ነበርኩ። አውቶቡሴ ውስጥ የሁለቱም ደጋፊዎች ተጨናንቀው ይዘፍኑ ነበር። እየተሰዳደቡ ይዘፍናሉ። ግን በአንድ አውቶቡስ።

2004፣ ሁለት ሜዳዎች

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ሽማግሌው ይቀየሙኛል።

በማርች 12 ቀን 2004 ቃሚሽሊ ውስጥ ጨዋታ ነበር። በ1962 የተመሠረተው የከተማዋ ክለብ አል ጂሃድ ከዴር ኤዝ ዞሩ አል ፉቱዋ ጋር። የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የሳዳም ሁሴንን ስም እየጠሩ ገቡ። ሳዳም በኢራቅ ኩርዶች ላይ ያደረገውን የማያውቅ ሰው እዚያ የለም። ስድብ፣ ድንጋይ፣ ግርግር። ከዚያ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። በማግስቱ በቀብሩ ላይም ተኩስ ነበር። አመፁ ወደ ሌሎች የኩርድ ከተሞች ተዛመተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 30 ያህል ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኩርዶች ናቸው። የታሰረው በብዙ መቶ የሚቆጠር ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አሲሪስካ ወደ ዋናው ሊግ አለፈ። ያለፈበት መንገድም የሚገርም ነው። በሁለተኛው እርከን ሦስተኛ ሆኖ ጨርሶ የማጣሪያውን ጨዋታ በኦርግሪተ ተሸንፎ ነበር። ግን የዋናው ሊግ ክለብ ኦሬብሮ በገንዘብ ችግር ፈቃዱን ሲያጣ ቦታው ለአሲሪስካ ተሰጠ። 30 ዓመት ከታች ወደ ላይ የወጣ ክለብ፣ ደንብ ስለተከበረ አለፈ። በ2005 መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ወረደ፤ ቢሆንም አለፈ።

ሽማግሌው ሁለቱን ዜናዎች በአንድ ዓመት ነው የሰሙት። አንዱን ከተወለዱባት ከተማ፣ ሌላውን ከሚኖሩባት። «የቃሚሽሊ ልጆች ከእኛ የባሱ ጠበኞች አይደሉም» አሉኝ። «እኛም እዚህ ተሰዳድበናል፤ ድንጋይም የተነሳበት ቀን አለ። ልዩነቱ ዳኛው ነው። እዚህ ፊሽካ የያዘ ሰው መጣ። እዚያ ጠመንጃ የያዘ።» እኔ የምጨምረው ብዙ የለኝም። ክፉኛ የተጣሉ ሰዎች ሜዳ ላይ እንዲገናኙ ከፈለግን መሃላቸው የሚቆመው ሰው የማንም ወገን መሆን የለበትም። ቃሚሽሊ ያጣችው ይህንን ነው። ጥፋቱም የልጆቹ አይደለም።

እኛስ?

የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ነው የተመሠረተው። በ2012 ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሰሞን ዳላስ ላይ አንድ በዓል፣ ዋሽንግተን ላይ ሌላ በዓል። ሰው ትኬት ሲቆርጥ የየትኛው ወገን ነህ ይባል ነበር። እኔ ያኔ ያዘንኩት በመከፈሉ ነው። ዛሬ ሳስበው የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ሜዳ አልነበረም። አንዱ እዚህ ጨፈረ፣ አንዱ እዚያ። ማንም ማንንም አላሸነፈም፤ ማንም የማንንም እጅ አልጨበጠም።

ይህንን ሐሳብ ይዤ ወደ ቡድናችን ስብሰባ ሄድኩ። ከወጡት ጋር የወዳጅነት ጨዋታ እናዘጋጅ አላልኩም። ያ አይሆንም፤ ማን ቀድሞ ይደውል በሚለው ብቻ ዓመት ያልፋል። ያልኩት እንመዝገብ ነው። ደንብ እንጻፍ፣ ገንዘብ ያዥ እንምረጥ፣ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ከመጨረሻው ዲቪዥን እንጀምር። እነሱም ሊመዘገቡ እያሰቡ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

አንድ የማከብረው ጓደኛዬ ተነሳ። «ከተመዘገቡ እኮ አንድ ምድብ ውስጥ ሊጥሉን ይችላሉ። ከእነሱ ጋር መሰለፍ ለእነሱ እውቅና መስጠት ነው» አለ። አዳራሹ ዝም አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

አዎ፣ እውቅና መስጠት ነው አልኩት። አሥራ አንድ ሰው እንዳላቸው፣ በሰዓቱ እንደሚመጡ፣ የሚያገቡት ጎል እንደሚቆጠር እውቅና መስጠት ነው። እነሱም ለእኛ ይህንኑ ይሰጡናል። ስለ ባንዲራው እነሱ ትክክል ናቸው አላልኩም፤ አይመስለኝምም። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንዱ ተናዶብኛል። በመጨረሻ እጅ ወጣ፤ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ዲቪዥን የሚመደበው በአካባቢ ነው፤ እኛና እነሱ የምንለማመደው ደግሞ በአንድ የባቡር መስመር ላይ ነው።